ሉዝ ወይስ ሎዛ? ለሕፃን የስፓኒሽ ስም ስታወጡ

ማሪና ላይ የታሰሩትን ጀልባዎች ስም እያነበቡ መሄድ ልማዴ ነው። አሽቀሎን የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ ከባሕር ዳሩ መንገድ፣ ከታዬሌቱ ወርዳችሁ ምግብ ቤቶቹን ስታልፉ ጀልባዎቹ በተርታ ቆመው ይወዛወዛሉ። ጀርባቸው ላይ ስም ተጽፏል፣ ብዙውን ጊዜ የሴት ስም። ባለፈው ዓመት የወንድሜ ልጅ የሰባት ወር እርጉዝ ሆና አብራኝ ስትሄድ አንዱ ጀልባ ጋ ቆመች። «ኤስትሬያ» ይላል።

«አክስቴ፣ ይኼ ምን ማለት ነው?»

«ኮከብ።»

«ታዲያ ኮከብ ብለን ብናወጣላትስ? እናቴ ደስ ይላታል።»

«እናትሽን ደስ ይላታል። አማትሽ ግን እንዴት ብለው ይጠሯታል?»

ባሏ እዚሁ አሽቀሎን ተወልዶ ያደገ ነው፤ ወላጆቹ ግን ከቦነስ አይረስ የመጡ ናቸው፣ የእነሱ አያቶች ደግሞ ከሞሮኮ ወደ አርጀንቲና የተሻገሩ አይሁዶች። ቤታቸው ውስጥ የሚወራው ስፓኒሽ ነው። የኛ ወገን ከኢትዮጵያ፣ ከደምቢያ የመጣ ቤተ እስራኤል ነው። ሕፃኗ ገና ሳትወለድ አማርኛ፣ ዕብራይስጥና ስፓኒሽ በር ላይ ቆመው ይጠብቋታል። ለነገሩ ያን ቀን የቆምንበት ቦታ ራሱ የሴት ስም ነው፤ ማሪና በላቲን «የባሕር» ማለት ሲሆን ስፔን ውስጥ ብዙ ሴቶች ይጠሩበታል፣ ኢትዮጵያ ውስጥም ክርስቲያኖች ቅድስት መሪና ብለው የሚያከብሯት ሰማዕት አለች።

እንዲህ ዓይነት ትዳር እዚህ ከተማ ብርቅ አይደለም። አዲስ አበባ ወይም ማድሪድ ሆናችሁ ሉሲያን ወይም ማቴዎን የወደዳችሁ ወላጆችም አትጠፉም። እኔና የወንድሜ ልጅ በሁለት ወር ውስጥ እየተሳሳትን የሄድንበትን መንገድ በቅደም ተከተል ላስቀምጥላችሁ።

መጀመሪያ ስሙ ከየት እንደመጣ እወቁ

ስልካችሁ ላይ የምታገኙት ዝርዝር «ሉሲያ፦ ብርሃን፤ ሮድሪጎ፦ ዝነኛ» ብሎ ያልፋል። ትርጉሙ ልክ ሊሆን ይችላል። ምንጩን ካላወቃችሁ ግን ምን እንደያዛችሁ አታውቁም።

የወደዳችኋቸውን አሥር ያህል ስሞች ወረቀት ላይ ጻፉና በየት በር ወደ ስፔን እንደገቡ ለዩ። አንዳንዶቹ ላቲን ናቸው፦ ሉሲያ፣ ቪክቶሪያ፣ ማሪና። አንዳንዶቹ ሮማውያን ከወደቁ በኋላ አገሪቱን ከገዙት ከጎቶች የቀሩ ናቸው፦ ሮድሪጎ (ዝናና ኃይል)፣ አልባሮ፣ ጎንሳሎ፣ አልፎንሶ። በ711 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ከገቡት ዓረቦች የመጣም አለ፤ የማድሪድ ጠባቂ የምትባለው እመቤት መጠሪያ የሆነው አልሙዴና ከዓረብኛ የተገኘ ሲሆን ትርጉሙ ምሽግ፣ የተከበበች ትንሽ ከተማ ነው። ከባስክ የመጣም አለ። ሃቪየር የሚለውን ስም ዓለም ያወቀው በቅዱስ ፍራንሲስኮ ሃቪየር ነው፤ ሰውየው የተወለደበት መንደር ስም ሲሆን በባስክ ቋንቋ «አዲስ ቤት» ማለት ነው። ልጅን «አዲስ ቤት» ብሎ መጥራት ለአማርኛ ጆሮ እንግዳ አይመስለኝም።

ረጅሙ ዝርዝር ግን የዕብራይስጡ ነው። የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሳችሁን አጠገባችሁ አድርጉና ተመልከቱ። ሆሴ ዮሴፍ ነው። ሁዋን ዮሐንስ፣ ማቴዎ ማቴዎስ፣ ሚጌል ሚካኤል፣ ማኑዌል አማኑኤል፣ ራኬል ራሔል፣ አና ሐና። የንግሥቶቹ ስም ኢሳቤል ኤልሳቤጥ ነው፤ በዕብራይስጥ ኤልሼባ፣ የአሮን ሚስት። ያዕቆብማ እዚያ አገር ገብቶ ተበታትኗል። ሃኮቦ ያዕቆብ ነው፤ ሃይሜም ያዕቆብ ነው፤ ሳንቲያጎ «ቅዱስ ያዕቆብ» የሚለው አንድ ላይ ተጣብቆ ነው። ዲዬጎም ከሳንቲያጎ እንደተቆረጠ በተለምዶ ይነገራል፣ ሊቃውንቱ ግን አልተስማሙበትም። ሰው የባዕድ ስም አመጣሁ ብሎ ደስ ሲለው የገዛ አያቱን ስም አዙሮ ይዞ ይመጣል። ሕፃኑ ወንድ ቢሆን ኖሮ የወንድሜ ልጅ «ሃይሜ» ልትለው ነበር። አባቷ ያዕቆብ ይባላል፤ አንድ ስም መሆኑን ስነግራት ሳቀች።

ይህን ካደረጋችሁ ከአሥሩ ስሞች ሁለት ሦስቱ ይወድቃሉ። ጥሩ ነው፤ ይውደቁ።

ቀጥሎ የሃይማኖቱን ነገር ጠይቁ

ይኼን እርምጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ በኋላም አያት ያኮርፋል። የስፔን የሴት ስሞች ብዙዎቹ የእመቤታችን የማርያም የማዕረግ ስሞች ናቸው፤ «ማርያም የእንትን» ከሚለው ፊተኛው ተቆርጦ ኋለኛው የቀረ። ዶሎሬስ ሐዘኖች፣ ሶሌዳድ ብቸኝነት፣ ኮንሱዌሎ መጽናናት፣ ኤስፔራንሳ ተስፋ፣ ሚላግሮስ ተአምራት፣ ፒላር ዓምድ (ሳራጎሳ ከተማ ያለችው)፣ ሜርሴዴስ ምሕረቶች። የአማርኛ ተናጋሪ ይህን ሲሰማ አይደነግጥም። ምሕረት፣ ተስፋዬ፣ ታምራት፣ ሰላም የእኛም ስሞች ናቸው። የአወጣጡ ልማድም ይመሳሰላል፤ ኪዳነ ማርያምን ኪዳኔ ብሎ የሚያሳጥር አገር ዶሎሬስን ሎላ ብሎ የሚያሳጥረውን አገር ይረዳዋል።

ለክርስቲያን አንባቢ ይህ ሁሉ ፀጋ ነው። ቄስ ያለበት የቤተ እስራኤል ቤት ግን ኮንሴፕሲዮን (ፅንሰት)፣ አሱንሲዮን (ዕርገት)፣ ክሩስ (መስቀል)፣ ሄሱስ፣ ሳንቲያጎ የሚባሉትን ከወዲሁ ያውጣቸው። መሐል ላይ ያሉት ናቸው ክርክር የሚያስነሱት። ካርሜንን ውሰዱ። ካቶሊኮች የቀርሜሎስ ተራራ እመቤት ብለው ያወጡት ነው፤ ተራራው ግን ሃይፋ ላይ ያለው የራሳችን ካርሜል ነው፣ በዕብራይስጥም የወይንና የአትክልት ቦታ ማለት ነው። የኔ ፍርድ፦ ካርሜን ያልፋል።

ሜርሴዴስስ? በኢትዮጵያ መኪናው «ማርቼዲስ» ነው የሚባለው። መኪናው ስሙን ያገኘው ኤሚል የሊኔክ ከተባለ ነጋዴ ልጅ ነው፤ በ1889 የተወለደች ሜርሴዴስ የምትባል ልጅ ነበረችው። የነጋዴው አባት ደግሞ በቪየና የታወቁ ራቢ ነበሩ። የራቢ የልጅ ልጅ የማርያምን የማዕረግ ስም ይዛ ነው ስሟ በዓለም መንገድ ሁሉ የሚሮጠው። ስለዚህ «አይሆንም» የሚላችሁ ዘመድ ካለ ይህን ንገሩት፤ ባይለሳለስ እንኳ ወሬ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ስሙን በሦስት አፍ አስጠሩት

ከሁሉ የሚያስደስተውም የሚያስቸግረውም እዚህ ላይ ነው። ስሙን በወረቀት ብቻ አትመርምሩት። በረንዳ ላይ ውጡና ልጅ ወደ ቤት እንደምትጠሩ ጮክ ብላችሁ ጥሩት። ከዚያ የአማርኛ ተናጋሪ፣ የዕብራይስጥ ተናጋሪ፣ የስፓኒሽ ተናጋሪ ምን እንደሰማ ጠይቁ።

«ማር» የሚለውን እንይ። ስፔን ውስጥ ማሪያ ዴል ማር የሚባሉ ሴቶች ባጭሩ ማር ይባላሉ፤ ባሕር ማለት ነው። ማሪና ዳር ለሚኖር ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። በአማርኛ ማር ማር ነው፣ ጣፋጩ። በዕብራይስጥ ግን ማር መራራ ማለት ነው፤ ኑኃሚን ባሏንና ልጆቿን ቀብራ ስትመለስ ማራ በሉኝ ያለችው በዚህ ምክንያት ነው። በዚያ ላይ ማር «አቶ» ማለትም ነው። አንዲት ሕፃን በአማርኛ ማር፣ በስፓኒሽ ባሕር፣ በዕብራይስጥ «አቶ መራራ» ሆና ትምህርት ቤት መሄድ የለባትም። ጣልነው።

«አልማ» በስፓኒሽ ነፍስ ነው። በዕብራይስጥ ወጣት ሴት። እስራኤል ውስጥ የተለመደ ስም ነው፣ ማንም ዞር ብሎ አያይም። በአማርኛ «አስባ፣ አቅዳ» እንደማለት ይሆናል፤ አልማ፣ ዒላማዋን ይዛ። ባሕር ዳር ያሉ ዘመዶቻችን ግን ስልክ ላይ ሲሰሙ ሳቁ። ለእነሱ አልማ የአማራ ልማት ማኅበር ነው። ይህ ጉዳት የሌለው ሳቅ ነው፤ እኔ ብሆን አልማን እወስደው ነበር።

«ፓዝ» ሌላው ግሩም ነው። በስፓኒሽ ሰላም፣ በዕብራይስጥ የጠራ ወርቅ። ሰላምና ወርቅ በአንድ ክፍለ ቃል! ወንድም ሴትም ይጠራበታል። አንድ ችግር አለው፤ እስራኤል ውስጥ ፓዝ የነዳጅ ማደያም ስም ነው። የወንድሜ ልጅ ባል «ልጄን በየመንገዱ ቤንዚን ስትሸጥ አላይም» ብሎ ተቃወመ።

«ሶል» ፀሐይ ነው። በአማርኛ ፀሐይ የሴት ስም ስለሆነ ትርጉሙ ቤቱን አይለቅም። የሞሮኮ አይሁዶች ያከብሩታል፤ በ1834 ሃይማኖቷን አልለውጥም ብላ ፌስ ላይ የተገደለችው ወጣት ሶል ሐቹኤል ስሟ በጸሎት ቤቶቻቸው ይነሣል። ከባሏ ወገን ጋር የሚያገናኝ ስም ከፈለጋችሁ እንዲህ ያለውን ፈልጉ።

አንዳንዶቹን በአጭሩ ልለፍ። ሎላ በዕብራይስጥ «ለእሷ አይደለም» ይመስላል። ኒና በዕብራይስጥ የልጅ ልጅ ልጅ ማለት ነው፤ ለቅድመ አያት ደስ ይላል፣ ለልጅቱ ግን ዝምድና ነው እንጂ ስም አይደለም። ሚያ በስፓኒሽ «የኔ» ማለት ነው፤ የኔነሽ የምትባል አክስት ካለቻችሁ ስሙን ከእሷ ወረስን ማለት ትችላላችሁ፣ ውሸትም አይሆንም። ሮሲዮ ጤዛ ነው፣ በዕብራይስጥ ታል የሚባለው።

እዚህ ላይ አማቷ ገቡ። የተመኙት ስም ሉዝ ነበር፣ ብርሃን። ቆንጆ ነው፤ ከአማርኛው ብርሃን፣ ብርሃኔ፣ ከዕብራይስጡ ኦር፣ ኦራ ጋር ይሄዳል። ቅዳሜ ማታ ተሰብስበን ቡና እየጠጣን ሳለ የባሏ ታናሽ እህት ሳቀችና «ሉዝ እኮ ፕሮግራም ነው» አለች። እውነቷን ነው። የዛሬ እስራኤላዊ የጊዜ ሰሌዳን በምሕጻር ሉዝ ይለዋል። «ሉዝሽ እንዴት ነው?» ማለት «ጊዜ አለሽ ወይ?» ነው። ልጅቱ ዕድሜዋን ሙሉ በዚህ ስትቀለድባት ታየኝ።

እናቴ እስከዚያ ዝም ብለው ነበር። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሲጀምሩ ቀስ ብለው ነው። «ሎዛ ብትሏትስ?» አሉ። ያዕቆብ መሰላሉን በሕልሙ ያየባት ከተማ፣ ቤቴል ብሎ ስም ሳያወጣላት በፊት፣ በአማርኛው ኦሪት ዘፍጥረት ሎዛ ነው የምትባለው። በዕብራይስጡ ሉዝ ነች። ቃሉ የለውዝ ዓይነት ዛፍ ስምም ነው፣ ከአማርኛው ለውዝ ጋር ይዛመዳል። ኢትዮጵያ ውስጥ ሎዛ የታወቀ የሴት ልጅ ስም ነው፤ እግር ኳስ የምትከታተሉ ሎዛ አበራን ታውቋታላችሁ። የስፓኒሹ ሉዝ ከላቲን የመጣ ብርሃን፣ የዕብራይስጡ ሉዝ ከኦሪት የመጣ ዛፍ፤ በሥር አይገናኙም፣ በጆሮ ግን ይገናኛሉ። አማቷ «ሎዛ፣ ሉዛ፣ ሉዝ» እያሉ ሦስት ጊዜ ሞከሩትና በእሺታ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

እስቲ አፋችሁን አሠልጥኑ

ስሙን ከመረጣችሁ በኋላ ባለቤቶቹ እንደሚጠሩት ጥሩት። የስፓኒሽ «ሀ» የሚጻፈው በሌላ ፊደል ስለሆነ ሆሴን «ጆሴ» የሚል ሰው አይጠፋም። የሚጻፈው «ኤች» ግን ድምፅ የለውም፤ ኡጎ እንጂ ሁጎ አይባልም። ድርብ «ኤል» ስፔን ውስጥ «የ» ሆኖ ይነበባል፣ ቦነስ አይረስ ውስጥ ግን «ሸ» ይሆናል። ስለዚህ ያን ቀን ጀልባ ላይ ያነበብነውን ኤስትሬያ አማቷ «ኤስትሬሻ» ነው የሚሉት። «ቪ» እንደ «በ» ነው፤ ሕይወት ማለት የሆነውን ቪዳ ስፔናዊው «ቢዳ» ይለዋል። በ«ኦ» የሚያልቅ ስም ሁሉ የወንድ ነው ብላችሁም አትቸኩሉ፤ ኮንሱዌሎ፣ ሮሲዮ፣ ሮሳሪዮ፣ አምፓሮ የሴት ናቸው።

አንድ ነገር ግን አማርኛ ተናጋሪን ያኮራል። ስፔኖች በ«ኤን» ላይ ጭረት አድርገው የሚጽፉት ድምፅ የኛው «ኘ» ነው። ቤጎኛን፣ ኢኚጎን እንደ እናት ቋንቋችን እንላቸዋለን፤ ዕብራይስጥ ሁለት ፊደል አሰልፎ ነው የሚደርስበት። በአንጻሩ የኛ ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ቀ ሁለቱም ጋ ይጠፋሉ። ጥሩወርቅ ቲሩቨርክ ትሆናለች። በ2013 ወይዘሪት እስራኤል ሆና የተመረጠችው ይታይሽ አይናውን አብዛኛው ሰው የሚያውቃት «ቲቲ» በሚለው ነው። ማሳጠር ክፉ አይደለም። የምታሳጥሩት እናንተ ሁኑ እንጂ፣ ለጎረቤትና ለሙአለ ሕፃናት አትተዉት።

የማን ስም ነው? ብላችሁ ጠይቁ

ይኼ እርምጃ ከባድ ጠብ ያድናል። አሽከናዚ አይሁዶች ልጅን በሕይወት ባለ ዘመድ ስም አይጠሩም፤ በሞተ ነው የሚጠሩት። ከስፔን የወጡት ሴፋራዲዎች ግን በሕይወት ያለ አያትን ስም ለልጅ መስጠትን እንደ ክብር ያዩታል። ለአንዱ ምርቃት የሆነው ለሌላው ሟርት ነው። የአማትና የአማችን ልማድ ሳትጠይቁ ስም ይዛችሁ አትምጡ።

ስፔን በ1492 አይሁዶቿን ስታባርር ቋንቋውን ይዘው ነው የወጡት፣ ስሞቹንም። ሬይና ንግሥት፣ ሉና ጨረቃ፣ አሌግሪያ ደስታ፣ ፎርቱና ዕድል፣ ፔርላ ዕንቁ፣ ግራሲያ ጸጋ። እነዚህን የያዘ ቤት ውስጥ ከገባችሁ ሽማግሌዎቹን ጠይቁ፤ ከስልኩ ዝርዝር የበለጠ ያውቃሉ። ልጅ ታሞ ሞት ሲያንዣብብበት «ቪዳ» ብለው ስም ይቀይሩ ነበር። ሌላም ነበራቸው፤ የታመመውን ልጅ ለሌላ ቤተሰብ «ይሸጡት» ነበር፣ ለይስሙላ፣ ሞት መንገዱ እንዲጠፋው። እንዲህ የተሸጠ ልጅ መርካዶ፣ ሴት ከሆነች መርካዳ ይባላል፤ የተገዛ፣ የተገዛች። የአዲስ አበባው መርካቶ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን የሁለቱም ሥር አንድ የላቲን ቃል ነው፣ ገበያ። ማስረሻ፣ ካሳ፣ ምትኩ፣ ተካ የሚሉ ስሞችን ከነምክንያታቸው የሚያውቅ የኢትዮጵያ ሰው ይህን ሲሰማ ማብራሪያ አይፈልግም።

የአባት ስም ጉዳይ

ስፔናዊ ሁለት የቤተሰብ ስም አለው፤ የአባቱ የመጀመሪያው፣ የእናቱ የመጀመሪያው። ሴት ስታገባ ስሟን አትቀይርም፤ ይኼ ከኛ ጋር አንድ ነው። በ«ኤዝ» የሚያልቁት ስሞች ደግሞ የአባት ስሞች ናቸው። ሮድሪጌዝ የሮድሪጎ ልጅ፣ ፔሬዝ የፔድሮ፣ ሳንቼዝ የሳንቾ፣ ጎንሳሌዝ የጎንሳሎ። በ1603 ኢትዮጵያ የገባው፣ በ1618 ሰከላ ላይ የዓባይን ምንጭ ያየው፣ በ1622 ጎርጎራ ላይ የሞተው የስፔን ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ ስሙ በኛ አነጋገር «ጴጥሮስ የፓዮ ልጅ» መሆኑ ነው። ልዩነቱ የነሱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ረግቶ መቆሙ ነው፤ የዛሬው ፔሬዝ አባቱ ፔድሮ ላይሆን ይችላል። የኛ በየትውልዱ ይቀየራል፣ ወይም እስራኤል እስክንገባ ድረስ ይቀየር ነበር። እዚህ ስንመዘገብ ለብዙዎቻችን የአያታችን ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ቆመ።

አርጀንቲናውያን ግን በተለምዶ የአባትን ብቻ ይዘው ነው የኖሩት፤ ስለዚህ «እናንተ ሁለት ስም አላችሁ አይደል?» ብላችሁ አትከራከሩ። እኔ ተከራክሬ አፍሬአለሁ።

በመጨረሻ ወረቀቱ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። አሽቀሎን ውስጥ መልአኩ ቅጽ ያስሞላል። በደምቢያ እናት ከወለደች በኋላ ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን ከቤት ተለይታ ትቆይ ነበር፤ ቤተሰቡ ለማሰብ ጊዜ ነበረው። ዛሬ ባርዚላይ ሆስፒታል የወለደች እናት ሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። የሕፃኑ ልደት የሚመዘገበው ከሆስፒታሉ ነው፣ የመታወቂያ ቁጥርም ያኔውኑ ይሰጠዋል። ስሙን እዚያው ማስመዝገብ ይቻላል፤ ካልወሰናችሁ ከሚስራድ ሃፕኒም፣ ከአገር ውስጥ ጉዳይ ቢሮ ሄዳችሁ ታስመዘግባላችሁ። ለወንድ ልጅ ስሙ በስምንተኛው ቀን በብሪቱ፣ በግርዛቱ ላይ ይጠራል፤ ለሴት ልጅ የተቆረጠ ቀን የለም፣ አብዛኛው ሰው ኦሪት በሚነበብበት ቀን ምኩራብ ውስጥ ያስጠራል። ከቀኑ በፊት ስሙን ለጎረቤት አታውሩ፤ ይህን ሁለቱም ወገን ይወደዋል።

አማርኛውን ስም ለቤት፣ ዕብራይስጡን ለወረቀት የሚለውን የድሮ ዘዴ አልመክራችሁም። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰለሞን 14,325 ሰው በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ሲገባ እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ስሜ ስንታየሁ ነው። አንድ ጸሐፊ ቀና ሳይል «ሲማ» ብሎ ጻፈኝ፤ ቀላል ነው አለ። ሲማ መጥፎ ቃል አይደለም፣ ሀብት ማለት ነው። እናቴ ግን ስንታየሁ ያሉኝ ከእኔ በፊት ያዩትን መከራ ቆጥረው ነው፤ ያ ሁሉ በአንድ የብዕር ጭረት ጠፋ። የስም ነገር ሹም የሚወስነው ሲሆን እንዲህ ነው። በፍራንኮ ዘመን ስፔን ውስጥ ካታላኑ «ጆርዲ» በመዝገብ «ሆርሄ» ተብሎ ነበር የሚጻፈው። የሆላንዱ ዮሐን ክራይፍ ለባርሴሎና ሲጫወት በ1974 ልጁን ጆርዲ ብሎ ቢያመጣ ጸሐፊዎቹ አንጽፍም አሉት፤ አምስተርዳም ላይ አስቀድሞ አስመዝግቦት ስለነበር አሸነፋቸው። እኔ ክራይፍ አልነበርኩም። ካደግሁ በኋላ ነው ስሜን ያስመለስኩት፤ የ1956ቱ የስሞች ሕግ ይፈቅዳል፣ ግን አንዴ ከቀየራችሁ ሌላ ለመቀየር በመደበኛው ሰባት ዓመት መጠበቅ አለባችሁ። ስለዚህ ሁለት ስም ያላት ልጅ ከሆነች ሁለቱንም ከመጀመሪያው አስገቡ። የወንድሜ ልጅ «ሎዛ ሰንበቱ» ብላ አስመዘገበች፤ ሰንበቱ የእናቴ ስም ነው፣ ሴፋራዲዎቹ አማቶችም በሕይወት ያለች ቅድመ አያት ስም በመሆኑ ደስ አላቸው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በዕብራይስጥ የ«ሎ»ም የ«ሉ»ም አናባቢ የሚጻፈው በአንድ ፊደል፣ በዋው ነው። ቅጹ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት ጸሐፊዋን ስሙን ጮክ ብላ እንድታነብላችሁ ጠይቋት። ለፓስፖርት የሚሆነውን የላቲን ፊደልም ራሳችሁ ጻፉላት፣ አንድ በአንድ። ከዚያ ፈርሙ።